የሞት ምርመራ ቢሮ፦ ሰው፣ በጀትና ዕውቅና ከየት ይጀመራል?

የሞት ምርመራ ቢሮ እንድትመሩ ተመደባችሁ እንበል። ወይም ከዜሮ አቋቁሙ ተባላችሁ። ወይም ለዓመታት የሠራችሁበት ቢሮ አስከሬኑ በዝቶ፣ ሐኪሙ አንሶ፣ ሪፖርቱ ዘግይቶ መላ ጠፍቶታል። ያኔ ሁሉም ሰው ቶሎ ብሎ የሚያነሳው ጥያቄ "በጀቱ ስንት ነው?" የሚል ነው። ለእኔ ይህ ጥያቄ ወደ ኋላ መምጣት ያለበት ነው። መጀመሪያ ሥራውን ቁጠሩ። የሥራው ብዛት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል፤ የሰዉ ብዛት ደግሞ ስንት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ። የጥራት ዕውቅናው፣ ብዙዎች አክሬዲቴሽን የሚሉት፣ በጀት ፈቃጁ ፊት ስትቀርቡ "ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም" ለማለት የሚያስችላችሁ ማስረጃ ነው።

ቢሮው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ሰውየው በምን ሞተ? አሟሟቱስ እንዴት ነበር፤ በሕመም ነው፣ በአደጋ፣ ራሱን አጥፍቶ፣ በሌላ ሰው እጅ ወይስ ሊታወቅ አልቻለም? መልሱ ሲዘገይ ዕዳው የሚወድቀው ሐዘንተኛው ላይ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ "በምርመራ ላይ" ተብሎ ተጽፎ ይቆያል፣ መድን ድርጅቱ አልከፍልም ይላል፣ ውርስ አይጣራም፣ እናት ልጇ በምን እንደሞተ ሳታውቅ ወራት ያልፋሉ። የጤና ባለሥልጣኑም አዲስ ገዳይ ዕፅ መንደር ውስጥ መግባቱን የሚሰማው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ስታነቡ ደረቅ የቢሮ ጉዳይ አድርጋችሁ አትዩአቸው።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ያለፉትን ሦስት ዓመታት መዝገብ አውጡ። በዓመት ስንት ሞት ሪፖርት እንደተደረገላችሁ ብቻ ማወቅ በቂ አይደለም፣ ምክንያቱም አንዱ ሪፖርት በአሥር ደቂቃ የስልክ ንግግር ይዘጋል፣ ሌላው የሦስት ሰው የሳምንት ሥራ ይወስዳል። ለይታችሁ ቁጠሩ። በስልክ ተጣርቶ "ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም" የተባለው ስንት ነው? የሕክምና ማስረጃ ብቻ ታይቶ የተዘጋውስ? ውጫዊ ምርመራ ብቻ የተደረገለትስ? ሙሉ የአስከሬን ምርመራ የተደረገለትስ? መርማሪ ሞቱ የደረሰበት ቦታ ድረስ ስንት ጊዜ ሄደ? ይህን በወር በወር አስቀምጡት፤ ዓመታዊው ድምር የማያሳየውን የጭንቅ ወር ያሳያችኋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 2,000 የሚጠጉ የሜዲካል ኤግዛሚነርና የኮሮነር ቢሮዎች፣ ማለትም በሐኪም ወይም በተመረጠ አልያም በተሾመ ባለሥልጣን የሚመሩ የሞት ምርመራ ቢሮዎች፣ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሞት ሪፖርት ተደርጎላቸው ተቀብለው የመረመሩት 605,000 ያህሉን ነው፣ ማለትም ከግማሽ በታች። ያልተቀበሉትም ቢሆን ሥራ ነው። ስልክ የሚያነሳ፣ የሚጠይቅ፣ የሚወስን፣ የወሰነበትን ምክንያት የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ብዙ ቢሮ ይህን ሥራ አይቆጥረውም፤ ከዚያ መርማሪዎቹ ለምን እንደደከማቸው ግራ ይገባዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያለፈው ቁጥር የነገውን አይነግራችሁም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በዕፅና በመድኃኒት መጠን ማለፍ የሞተው ሰው 52,000 ገደማ ነበር። በ2021 ከ106,000 አለፈ። በስድስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱ ደግሞ የመርዝ ምርመራ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ዕፅና መድኃኒት የሚለካ የላቦራቶሪ ሥራ፣ ይፈልጋል፣ አብዛኛውም ሙሉ የአስከሬን ምርመራ። የ2015ቱን መዝገብ ይዞ የአምስት ዓመት ዕቅድ ያወጣ ቢሮ ምን እንደገጠመው መገመት አያቅትም። ስለዚህ ዕቅዳችሁ ውስጥ ቁጥሩ በሩብ ቢጨምር ምን እንደምታደርጉ የሚል አንድ ገጽ ይኑር።

ሐኪሙ፦ 250 እና 325

የአሜሪካ ብሔራዊ የሜዲካል ኤግዛሚነሮች ማኅበር፣ በአጭሩ ኔም የሚባለው፣ ለአንድ የፎረንሲክ ፓቶሎጂ ሐኪም፣ ማለትም አስከሬን መርምሮ ለሕግ ሥራ የሞትን ምክንያት ለሚያጣራ ባለሙያ፣ በዓመት ከ250 የአስከሬን ምርመራ እንዳይበልጥ ይመክራል። 325 ደግሞ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ስህተት ይገባል፣ ሐኪሙ መቸኮል ይጀምራል፣ አንገት ሳይፈተሽ ይቀራል፣ የአጉሊ መነጽር ምርመራ ይዘለላል። ሀገራችሁ ኔም የሚሰጠውን ዕውቅና ባይጠይቅም ሁለቱን ቁጥሮች ያዙ፤ ስሌቱን ለመጀመር የሚመች የታወቀ መነሻ ናቸው። ውጫዊ ምርመራም ዜሮ ተብሎ አይቆጠርም፤ ሙሉ ምርመራ ባያክልም ክፍልፋይ አድርጋችሁ ደምሩት።

አሁን ስሌቱን እንየው። ቢሮው በዓመት 600 ሙሉ ምርመራ ያደርጋል እንበል፤ ሁለት ሐኪም አለው። ለእያንዳንዱ 300 ይደርሰዋል። ከ325 በታች ነው፣ አለቆች "ታዲያ ምን ቸገራችሁ?" ይላሉ። ቆይ እንጂ። አንዷ ሐኪም ወልዳ ሦስት ወር እረፍት ወጣች። በሦስት ወር የሚመጣው 150 ምርመራ በሙሉ ሌላው ላይ ወደቀ። በቀሪዎቹ ዘጠኝ ወራት የሠራው 225 ነው። ድምሩ 375! ማንም ሳያጠፋ፣ ምንም አደጋ ሳይደርስ፣ በአንድ ወሊድ ብቻ ጣሪያው ተጣሰ። 600ን ለ250 ስታካፍሉት 2.4 ይመጣል፤ ወደ ላይ አጠጋግታችሁ ሦስት ሐኪም ጠይቁ። በጀት ስታስገቡ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህችን ስሌት አስቀምጡ፤ ለማንም ትገባለች።

ሦስተኛውን ሐኪም ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ሦስት ወይም አራት ዓመት ፓቶሎጂ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ፎረንሲክ ይማራል። ይህን ሁሉ ጨርሶ መንግሥት ቤት ሲቀጠር ደመወዙ ሆስፒታል ከገባው ጓደኛው ያንሳል። ታዲያ ማን ይመጣል? የሚመጣው ሥራውን የሚወድ ነው፤ እሱንም ቢሆን አድክማችሁ አታባርሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) የሞት ምርመራ ቢሮ ዋና ሐኪም የሠራተኛ እጥረቱንና የተከማቸውን ሥራ በግልጽ ተናግረው ሥራቸውን ለቀዋል። ያንን የሚያህል ሀብታም ካውንቲ ውስጥ ከሆነ ሌላው ጋ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ምን ይደረግ ታዲያ? ደመወዙን ከሆስፒታል ፓቶሎጂስት ጋር አነጻጽራችሁ ልዩነቱን በጽሑፍ አቅርቡ። ቅርባችሁ ካለ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ስምምነት ፈርሙና ተማሪዎች ለአንድ ወር እናንተ ጋ ይለማመዱ፤ ብዙ ሐኪም ወደዚህ ሙያ የሚገባው አንድ ጥሩ አስተማሪ አይቶ ነው። የስፔሻላይዜሽን ቦታ መክፈት ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ፣ ሰው በተማረበት ይቀራል። ሁለት ትናንሽ አካባቢዎች ለየብቻ አንዳንድ ሐኪም ከሚፈልጉ አንድ ላይ ሆነው አንድ ጠንካራ ቢሮ ቢያቆሙ ይሻላል። መንገዱ ይረዝማል፣ የአስከሬን ማጓጓዣው ወጪ ይጨምራል፣ ግን አንዱ ሐኪም ሲታመም ሥራ አይቆምም።

ያለ ሥልጠና የተመደበ ሐኪም የሚያስከትለውን ለማየት ካናዳን ተመልከቱ። ኦንታሪዮ ውስጥ የሕፃናትን አሟሟት ይመረምር የነበረ አንድ ፓቶሎጂስት በፎረንሲክ አልሠለጠነም ነበር። ኋላ ላይ 45 ጉዳዮቹ በገለልተኛ ባለሙያዎች ሲታዩ በ20ዎቹ ላይ ችግር ተገኘ። በማስረጃው ምክንያት ያለ ጥፋታቸው የታሰሩ ወላጆችና ተንከባካቢዎች ነበሩ። በዳኛ ስቲቨን ጉጅ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት ካነሳቸው ዋና ነገሮች አንዱ የበላይ ቁጥጥር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የግድያና የሕፃናት ጉዳይ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሐኪም ይየው። ይህ ሰዓት ይወስዳል፤ ሰዓቱንም ስሌቱ ውስጥ አስገቡት።

መርማሪው፦ ለአንድ ወንበር አምስት ሰው

እዚህ ላይ ብዙ ቢሮ ይሳሳታል። ሞት ሰዓት አይመርጥም፣ ስለዚህ ሌትም ቀንም ተረኛ መርማሪ መኖር አለበት። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወረቀት ላይ 2,080 ሰዓት ይሠራል፤ የዓመት እረፍት፣ በዓል፣ ሕመምና ሥልጠና ሲቀነስ ወደ 1,750 ይወርዳል። 8,760ን ለ1,750 አካፍሉት፤ አምስት ይመጣል። አንድ ተረኛ ሁልጊዜ እንዲኖር አምስት ሰው መቅጠር ግድ ነው ማለት ነው። እሱም አንድ ጥሪ ብቻ ሲመጣ የሚሠራ ስሌት ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ጥሪ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ሁለተኛ ተረኛ ያስፈልጋል። ሦስት ሰው ቀጥሮ "በየተራ ትሠራላችሁ" ማለት ሰዎቹን መጨረስ ነው።

ለምን ይህን ያህል ትኩረት ለመርማሪ? ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው አስከሬኑን ብቻ ስለሆነ። ቤቱን ያየው መርማሪው ነው። ጥሩ መርማሪ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ እጁን ይሰበስባል፤ አይነካም፣ ፎቶ ያነሳል። የክፍሉን ሙቀት ይጽፋል። የአስከሬኑን መድረቅ፣ ደሙ የረጋበትን ጎን፣ ያ ከተኛበት አቅጣጫ ጋር ይስማማ እንደሆነ ያያል። የመድኃኒት ጠርሙሱን አንስቶ መቼ እንደተሸጠና ስንት ፍሬ እንደነበረው ያነባል፣ የቀሩትን ይቆጥራል፤ ሠላሳ ፍሬ ከሦስት ቀን በፊት ተገዝቶ ሁለት ከቀረ ያ ቁጥር ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። የአስከሬን ከረጢቱን ሲያሽግ የማሸጊያውን ቁጥር ይመዘግባል፤ ነገ ከረጢቱን የሚከፍተው ሰው ያንኑ ቁጥር ማግኘት አለበት። ከዚያ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። ይህን ሁሉ በቅጡ የሚሠራ ሰው በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይገኝም።

መለኪያ ከፈለጋችሁ የአሜሪካው የሞት መርማሪዎች ሙያ ማረጋገጫ ቦርድ ለመጀመሪያው ደረጃ ፈተና የ640 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ለከፍተኛው ደረጃ 4,000። የምስክር ወረቀቱ በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ ሲሆን 45 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልገዋል። ቦርዱን ባትጠቀሙም ሰዓቶቹን ለራሳችሁ የሥልጠና ዕቅድ መነሻ አድርጓቸው፣ የሥልጠናውንም ገንዘብ በጀት ውስጥ በስሙ አስገቡ። "ከሌላው ይቆጠባል" የተባለ ሥልጠና መቼም አይካሄድም።

ሁሉም የሚረሳቸው ሠራተኞች

ሐኪም ተቀጥሮ ቴክኒሻን ካልተቀጠረ ምን ይሆናል? ሐኪሙ አስከሬን ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ራጅ ያነሳል፣ ይሰፋል፣ ጠረጴዛ ያጥባል። በቀን ሦስት መሥራት የሚችለው ሰው አንድ ተኩል ይሠራል። ደመወዙ ከፍተኛ የሆነ ሰው ለዝቅተኛ ክፍያ ሥራ ሲውል ማንም ኪሳራውን አይመዘግበውም። የአስከሬን ክፍል ቴክኒሻን ርካሹና ውጤቱ ፈጣኑ ቅጥር ነው፤ ቅድሚያ ስጡት።

ሪፖርት የሚያርምና የሚከታተል፣ የሕክምና ማስረጃ ከሆስፒታል የሚያስመጣ፣ ፍርድ ቤት ሲጠራ ቀጠሮ የሚይዝ የቢሮ ሰውም ያስፈልጋል። ከቤተሰብ ጋር የሚነጋገር አንድ ቋሚ ሰው ካለ ደግሞ የስልኩ ጩኸት በግማሽ ይቀንሳል፣ ቤተሰቡም በየቀኑ ለአዲስ ሰው ታሪኩን ከመድገም ይድናል። ጽዳትን አትርሱ። ይህ ተራ ጽዳት አይደለም፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትትል፣ የሚገጥም ጭምብልና ተገቢው ጓንት የሚያስፈልገው ሥራ ነው። የአእምሮ ጤና ድጋፍም እንደ ቅንጦት አይታይ። የሕፃን አስከሬን ሲያዩ የዋሉ ሰዎች ማታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የሚያናግሩት ባለሙያ በበጀት ይያዝላቸው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

መሠረቱ መደበኛ የመንግሥት በጀት መሆን አለበት። ነጥብ። ሌላው ሁሉ ማሟያ ነው።

ለምን ይህን ያህል አጠብቃለሁ? ሌሎቹ ምንጮች እያንዳንዳቸው ጠባይ አላቸው። አንዳንድ ቢሮዎች አስከሬን ከመቃጠሉ በፊት ለሚሰጡት ፈቃድ ያስከፍላሉ፣ ለሪፖርት ቅጂ ያስከፍላሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ገቢው ከቢሮው ፍላጎት ጋር አብሮ አይወጣም አይወርድም። ሌሎች ደግሞ ለጎረቤት አካባቢ በውል ይሠሩና ለእያንዳንዱ ምርመራ ደረሰኝ ይልካሉ። ይህኛው አደገኛ ጎን አለው። አነስተኛ በጀት ያለው አካባቢ በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡ ሲያልቅበት "ይህ ሰው እንኳ የልብ ሕመምተኛ ነበር" ብሎ ምርመራውን መተው ይጀምራል። ውል የምትፈርሙ ከሆነ ዋጋውን በነፍስ ወከፍ፣ በሕዝብ ብዛት አድርጉት። አንድ ተጨማሪ ምርመራ ማዘዝ ለሚያዘው ሰው ምንም ተጨማሪ ወጪ አያምጣበት። በሕግ ለታዘዘ ምርመራ ደግሞ ቤተሰብን ማስከፈል በፍጹም አይገባም።

ከውጭ የሚገኝ ድጋፍም አለ። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ በቀድሞው ሴናተር በፖል ኮቨርዴል ስም የተሰየመው የፌዴራል ድጋፍ ለፎረንሲክ ላቦራቶሪዎችና ለሞት ምርመራ ቢሮዎች ይሰጣል፣ የፎረንሲክ ሐኪም ሥልጠናንና የዕውቅና ዝግጅትን የሚደግፍ ሌላ ፕሮግራምም አለ። ተጠቀሙበት፣ ግን ለአንድ ጊዜ ወጪ ብቻ፦ ለመሣሪያ፣ ለሥልጠና፣ ለዕውቅና ማመልከቻ ክፍያ፣ የቆየ የተከማቸ ሥራ ለማጽዳት። ቋሚ ሠራተኛ በድጋፍ ገንዘብ ከቀጠራችሁ ድጋፉ ሲያልቅ ሰውዬውም ይሄዳል፣ ያሠለጠናችሁትም ይባክናል። መሣሪያ ስትገዙም የጥገና ውሉን አብራችሁ ግዙ። ሲቲ ስካን ለዚህ ሥራ በጣም ይጠቅማል፤ አውስትራሊያ ውስጥ የቪክቶሪያ ፎረንሲክ ሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አስከሬን ክፍሉ ውስጥ ይጠቀምበታል። ግን ምስሉን የሚያነብ ሰውና የሚጠግን ድርጅት ሳይታሰብ የተገዛ ማሽን ቦታ ከመያዝ አያልፍም።

የበጀት ጥያቄውን እንዲህ ጻፉት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር አስቀምጡ፦ የሚያስገድደው ሕግ ወይም መስፈርት የትኛው ነው፣ አሁን ያለን ምን ያህል ነው፣ ልዩነቱ ማንን ምን ያስከፍለዋል። "ተጨማሪ ቴክኒሻን ያስፈልጋል" ብቻ አትበሉ። "መስፈርቱ ከሪፖርቶች 90 በመቶው በ90 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይጠይቃል፤ እኛ ይህን ያህል በመቶ ላይ ነን፤ ስለዚህ ይህን ያህል ቤተሰብ ከሦስት ወር በላይ ይጠብቃል" በሉ። ቁጥሩን ከመዝገባችሁ አውጡ። ካላወጣችሁት የምትቀርቡት በልመና ነው፣ ልመና ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጥ ነገር ነው።

የበጀቱ ሣጥን የማን እጅ ውስጥ እንዳለም ተመልከቱ። ቢሮው በፖሊስ ሥር ሆኖ ፖሊስ ተይዞ የሞተን ሰው ሊመረምር ከሆነ ሐኪሙ ምንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ሰው አያምነውም። በሕግ ያልተፈቀዱ ግድያዎችን ለመመርመር የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የተባበሩት መንግሥታት የሚኔሶታ ፕሮቶኮል ምርመራው ገለልተኛ እንዲሆን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን ኋኪን ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ፓቶሎጂስቶች ቢሮውን የሚመራው የካውንቲው ሸሪፍ (የአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ) በሥራችን ጣልቃ ገባ ብለው ለቀቁ፤ በቀጣዩ ዓመት ካውንቲው ቢሮውን ከሸሪፉ ለመለየት ወሰነ። እናንተ ያን ቀን አትጠብቁ። የበጀት መደቡ ለብቻው ይሁን፣ የሐኪሙ ቅጥርና ስንብት በግልጽ ሕግ ይጻፍ።

ዕውቅናውን እንደ መሣሪያ መጠቀም

የትኛው ዕውቅና? እንደ ሥራችሁ ነው። ሙሉ የአስከሬን ምርመራ የምትሠሩ ከሆነ ኔም ያወጣው ዝርዝር ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የዓለም አቀፍ ኮሮነሮችና ሜዲካል ኤግዛሚነሮች ማኅበርም የራሱ ዕውቅና አለው፤ ምርመራውን በውል ለሌላ ሰጥተው የቦታና የመዝገብ ሥራውን ብቻ ለሚሠሩ ቢሮዎች ይመቻል። ከዓለም አቀፍ መስፈርቶች አይኤስኦ 17020 ለመርማሪ ተቋማት፣ አይኤስኦ 17025 ለፍተሻ ላቦራቶሪ፣ አይኤስኦ 15189 ለሕክምና ላቦራቶሪ ነው። የመርዝ ምርመራውን ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ የምትልኩበት ላቦራቶሪ ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ የእናንተ ጥንካሬ በር ላይ ይቀራል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ስለ ፎረንሲክ ሳይንስ ባወጣው ሪፖርት የሞት ምርመራ ቢሮዎች በሙሉ ዕውቅና እንዲኖራቸው መክሯል። ዛሬም ብዙዎቹ የላቸውም፤ ሕጉ ስለማያስገድዳቸው።

ኔም ዕውቅና የሚሰጥበት አሠራር ቀላል ነው። ረጅም የአዎ እና አይደለም ዝርዝር አለ። ጉድለቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት ቢስተካከል የሚሻል ነገር ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት ግን የሥራውን ጥራት ወይም የሠራተኛውን ደኅንነት በቀጥታ የሚነካ ነው። ሙሉ ዕውቅና ለማግኘት ከመጀመሪያው ዓይነት ከ15 መብለጥ የለበትም፣ ከሁለተኛው አንድም አይፈቀድም። አንድ ሐኪም ከ325 በላይ መሥራቱ ሁለተኛው ዓይነት ውስጥ ነው። አያችሁ? ያ የወሊድ እረፍት ምሳሌ ዕውቅናውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ለማመልከት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዝርዝሩን አውርዳችሁ ራሳችሁን ፈትኑ፣ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን መርማሪውና ቴክኒሻኑም አብረው ይቀመጡ። ቴክኒሻኑ የሚያውቀውን አለቃው አያውቅም፤ የአየር ማስወጫው ከተበላሸ መቆየቱን፣ የፍሪጁ ሙቀት በምሽት እንደሚወጣ የሚነግራችሁ እሱ ነው። አስከሬን ክፍል ቢያንስ በሰዓት 12 ጊዜ አየሩ መቀየር አለበት፣ የሚወጣውም ወደ ውጭ እንጂ ወደ ቢሮ ኮሪደር መሆን የለበትም። ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ የሙቀት መዝገቡ በየቀኑ ይሞላ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መነሳቱን በወሬ ሳይሆን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ከዚያ "አይደለም" የተባለውን ሁሉ በሁለት ክፈሉት። አንዱ ያለ ገንዘብ የሚስተካከል ነው፤ እሱ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው። ያልተጻፈ የአሠራር መመሪያ፣ ያልተፈረመ የማስረጃ መቀባበያ ቅጽ፣ የማንነት ማረጋገጫ ሂደት፣ የብዙ ሰው ሞት ሲያጋጥም የሚሠራ ዕቅድ። እነዚህን በጥቂት ወራት ጨርሱ። ለእያንዳንዱ መመሪያ ባለቤት ስጡት፤ "ሁሉም ያየዋል" የተባለ ሰነድ ማንም አያየውም። ማስረጃውንም በዚያው አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ዕውቅና ሰጪው የላከው ፈታሽ ሲመጣ "እናደርገዋለን" ማለት አይበቃም፤ ትናንት የተሞላውን ቅጽ አሳዩኝ ይላል፣ ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ፋይል መዝዞ ከስልክ ጥሪው እስከ መጨረሻው ሪፖርት ድረስ ይከተለዋል። እናንተም ይህንኑ አስቀድማችሁ አድርጉ። ከሦስት ወር በፊት ከተዘጉት አንድ ፋይል በዘፈቀደ አውጡ። ደሙ የተወሰደው ከየት ነው? ከጭን ከሆነ ተጽፏል? ናሙናው ማን እጅ ላይ መቼ ነበር? አንዲት ፊርማ ከጎደለች ፍርድ ቤት ውስጥ የምትጠየቁት ስለዚያች ፊርማ ነው።

ሁለተኛው ክምር ገንዘብ የሚፈልገው ነው። ይህ ክምር የበጀት ጥያቄያችሁ ነው። እንዳለ አቅርቡት፣ ከመስፈርቱ ቁጥር ጋር። ፈቃጁ እምቢ ካለ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ። ይህን ከክፋት አይደለም የምላችሁ፤ ሰው ሲቀያየር ምን ተጠይቆ ምን እንደተመለሰ የሚያሳይ ነገር መኖር ስላለበት ነው።

ዕውቅናው ተገኘ ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። የአሜሪካዋ የኦክላሆማ ግዛት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ዕውቅናውን ያጣው ሕንጻውና የሰው ኃይሉ መስፈርቱን ማሟላት አቅቶት ነበር፣ ለመመለስም ብዙ ዓመታት ፈጀበት። በየሦስት ወሩ ሦስት ቁጥር ብቻ ተከታተሉ፦ የእያንዳንዱ ሐኪም ምርመራ ብዛት፣ በ90 ቀን ያለቁ ሪፖርቶች በመቶኛ፣ ባዶ የሆኑ የሥራ መደቦች። ከሐኪሞቹ አንዱ በዓመቱ አጋማሽ 140 ካለፈ በያዘው ፍጥነት 280 ይደርሳል፤ ከሚመከረው በላይ ሆነ ማለት ነው። ያን ቀን ለበላይ አካል ደብዳቤ ጻፉ፣ ጊዜያዊ ሐኪም ለመቅጠርም ድርድር ጀምሩ። ዕውቅና ሰጪው ጊዜያዊ ደረጃ ላይ ካስቀመጣችሁም ሪፖርቱን መሳቢያ ውስጥ አትደብቁት። በዚያው ሳምንት ለበጀት ፈቃጁ ከስሌታችሁ ጋር ላኩት፣ ጉድለቱ የሚስተካከልበትን ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውንም ለሠራተኞቻችሁ አሳዩ፤ ሸክሙን የተሸከሙት እነሱ ናቸውና።